የእህል በር ሲዘጋ፦ ኢሕቲካር ከሱቅ እስከ መንግሥት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በሐለቃችን የሙዓመላትን (የግብይትን) ምዕራፍ ስናነብ ኢሕቲካር የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ በአብዛኞቻችን ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው አንድ ሰው ነው፤ ዘይቱን ከመጋረጃ ጀርባ ደርድሮ «አልቋል» የሚል ባለ ሱቅ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ማግስት የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ እንዴት እንደተተኮሰ የምናስታውስ ነን። ያኔ ነጋዴውን ወቅሰናል፣ ብዙዎቻችንም ሐዲስ እየጠቀስን አውግዘናል። በዚያው ወር ግን ከሱቅ በላይ የሆኑ በሮችም ተዘግተው ነበር። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እነዚያ በሮች ነው። አንድ ነጋዴ ሲያደርገው ኃጢአት የምንለውን ነገር አገር ሲያደርገው ምን እንለዋለን?

በመጀመሪያ የሆነውን እንይ። ቬትናም ከዓለም ታላላቅ የሩዝ ሻጮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ወረርሽኝ ብሎ ካወጀ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2020፣ አዲስ የሩዝ ኤክስፖርት ውል እንዳይፈረም አገደች። ለኤፕሪል ወር 400,000 ቶን ብቻ ፈቀደችና ከሜይ 1 ጀምሮ ገበያውን መልሳ ከፈተች። ካምቦዲያ ከኤፕሪል 5 ጀምሮ ነጭ ሩዝ እንዳይወጣ ከለከለች። ሩሲያ ከኤፕሪል እስከ ጁን ባሉት ሦስት ወራት ከ7 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል እንዳይወጣ ወሰነች፤ ለሦስት ወር የተባለው ኮታ ግን ኤፕሪል ሳያልቅ አለቀ። ካዛኪስታን የስንዴ ዱቄትን፣ ስኳርን፣ የሱፍ ዘይትንና አንዳንድ አትክልቶችን ከለከለች፤ ከዚያ ክልከላውን ወደ ኮታ ቀየረችው። የካዛኪስታንን ዱቄት የሚጋግሩት ደግሞ የአፍጋኒስታን፣ የታጂኪስታንና የኡዝቤኪስታን ቤተሰቦች ናቸው።

እህል ጠፍቶ ነበር? አልነበረም። የዚያ ዓመት ምርት ጥሩ ነበር፤ በዓለም ጎተራዎች ያለው ክምችትም በቂ ነበር። የጎደለው መተማመን ነው። አንዱ አገር «ሌላው ከመዝጋቱ በፊት ልዝጋ» ይላል፣ ገዢው አገር «ሌላው ከመግዛቱ በፊት ልግዛ» ይላል፣ ዋጋው ይወጣል፣ የዋጋው መውጣት ራሱ ለሚቀጥለው አገር የመዝጊያ ምክንያት ይሆናል። በኤፕሪል 2020 የታይላንድ ሩዝ ዋጋ ከ2013 ወዲህ ታይቶ ወደማያውቅ ደረጃ ደረሰ። የሩዝ ገበያ ለዚህ በሽታ በጣም የተጋለጠ ነው፤ በዓለም ከሚመረተው ሩዝ ድንበር የሚሻገረው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሻጮች እጃቸውን ሲሰበስቡ ገበያው ይናጋል።

ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ሕንድ ባስማቲ ያልሆነ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ማገድ ጀመረች፣ ሌሎችም ተከተሉ። በ2008 መጀመሪያ ላይ በቶን ከ400 ዶላር በታች የነበረው የታይላንድ ሩዝ በጥቂት ወራት ውስጥ 1,000 ዶላር ገደማ ደረሰ። በዚያ ወቅት ባንግላዴሽ ሲድር የተባለው ማዕበል ሰብሏን አጥፍቶባት ከጎረቤቷ ሩዝ የምትፈልግ ሙስሊም አገር ነበረች። ጉዳዩን የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ለሩዝ ዋጋ መናር ግማሽ ለሚጠጋው ተጠያቂው አገሮች ራሳቸውን ለመከላከል የወሰዱት እርምጃ መሆኑን አሳይተዋል። ገበያውን ያረጋጋው ደግሞ፣ ጃፓን ከውጭ ገዝታ ያከማቸችውን ሩዝ ልትለቅ ነው የሚለው ወሬ ነበር። ሩዙ ከመጋዘን ሳይወጣ ዋጋው መውረድ ጀመረ። እንግዲህ ፍርሃት ያወጣውን ዋጋ ተስፋ አወረደው ማለት ነው።

ስለዚህ በማርች 2020 መጨረሻ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ንግድ ድርጅት እና በዶ/ር ቴድሮስ አድሓኖም የሚመራው የዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊዎች በአንድነት መግለጫ አውጥተው፣ የኤክስፖርት ክልከላ በሌለበት እጥረት ሊፈጥር እንደሚችል አስጠነቀቁ። ሐቁን ለመናገር የ2020ው እንደ 2008 አልከፋም፤ አብዛኞቹ ክልከላዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተነሥተዋል። ጥያቄው ግን እንዳለ ነው፤ ከወረርሽኙም በኋላ ደጋግሞ ተመልሷል። ሕንድ በ2022 ስንዴን፣ በ2023 ነጭ ሩዝን መከልከሏን ሁላችንም ሰምተናል።

አሁን ወደ ሸሪዓው እንምጣ። ኢማም ሙስሊም ከመዕመር ቢን ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢሕቲካርን የሚፈጽም ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ተናግረዋል። በዚሁ ዘገባ ውስጥ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። ሐዲሱን ከመዕመር የሰሙት ታቢዒይ ሰዒድ ቢን አልሙሰየብ «አንተ ራስህ ታከማቻለህ እኮ» ሲባሉ፣ መዕመርም ያከማቹ እንደነበር መለሱ። ይህ ግብዝነት አይደለም። ዑለማኦች እንዳብራሩት እነርሱ ያስቀምጡ የነበረው ዘይትን የመሰለ ነገር ነው፤ ሐዲሱን የተረዱት ሰው በሚቸገርበት ጊዜ ዋና ምግብን ስለ መያዝ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የመዝሀቦች ልዩነት መጣ። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ክልከላውን በምግብ ላይ ሲያደርጉ፣ ማሊኪዮችና ከሐነፊዮች አቡ ዩሱፍ ሕዝብን የሚጎዳ ነገር ሁሉ ውስጥ ይገባል አሉ። (መድኃኒትና ጭንብል በተደበቀበት ዘመን የአቡ ዩሱፍ አመለካከት ምን ያህል ሩቅ ያየ እንደነበር ተመልከቱ።)

ማከማቸት ሁሉ ኢሕቲካር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰቦቻቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተረጋግጧል። አንድ አገር ለክፉ ቀን የእህል መጠባበቂያ መያዙም በዚሁ ሚዛን የሚመሰገን ነው። ኢሕቲካር የሚሆነው ከፍላጎት የተረፈ ምግብ ሰው እየተቸገረ ዋጋ እስኪወጣ ተብሎ ሲያዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፣ በደንብ ልንመልሰው ይገባል። ብዙ ዑለማኦች አንድ ሰው ከገበያ ገዝቶ የያዘውን እንጂ ከገዛ ማሳው ያመረተውን መያዙን ኢሕቲካር አይሉትም። ታዲያ ሩዙ የቬትናም ገበሬ ላብ፣ ስንዴውም የካዛኪስታን መሬት ፍሬ ሆኖ ሳለ ለምን እንወቅሳቸዋለን? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ ስሙ ኢሕቲካር ባይሆንም ጉዳቱ ካለ ፍርዱ ይቀራል ማለት አይደለም። ኢማም ነወዊ እንዳሰፈሩት አንድ ሰው ምግብ ይዞ፣ ሌሎች በከባድ ችግር ላይ ሆነው ከእርሱ በቀር የሚያገኙበት ከሌለ፣ እንዲሸጥላቸው እንደሚገደድ ዑለማኦች ተስማምተዋል። በነፃ ስጥ አልተባለም፤ ሽጥ ነው የተባለው። ሁለተኛው መልስ በሲራ ውስጥ አለ፤ እንዲያውም ልክ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው።

ሱማማ ቢን ኡሣል (ረ.ዐ.) የየማማ ሰዎች ከሆኑት የበኒ ሐኒፋ አለቃ ነበሩ። የማማ ለመካ የስንዴ ጎተራ ነበረች፤ መካ እንደምናውቀው እርሻ የሌለባት ሸለቆ ናት፣ የምትበላው ከውጭ የመጣላትን ነው። የሙስሊም ፈረሰኞች ሱማማን ማርከው መዲና አመጧቸውና በመስጂዱ ምሰሶ ታሰሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ቀን እየተመላለሱ አነጋገሯቸው፤ በሦስተኛው ቀን ያለ ምንም ካሳ ይፈቱ ዘንድ አዘዙ። ሱማማ ወጥተው ታጠቡ፣ ተመልሰውም ሰለሙ። ከዚያ ለዑምራ መካ ሲገቡ ቁረይሾች «ሃይማኖትህን ለወጥክ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስኪፈቅዱ ድረስ ከየማማ አንዲት የስንዴ ፍሬ እንደማትደርሳቸው በአላህ ማሉ። እስከዚህ ያለው በቡኻሪና በሙስሊም ያለ ነው።

ቀጣዩን የሲራ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ሱማማ እንዳሉት አደረጉ፣ መካም ተራበች። ቁረይሾች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጻፉ፤ ዝምድናን ቀጥሉ እያልክ የእኛን ዝምድና ቆረጥክ፣ አባቶችን በሰይፍ ልጆችን በረሃብ ፈጀህ የሚል ይዘት ያለው ደብዳቤ ነው። ነቢዩም ለሱማማ እህሉን እንዲለቁ ጻፉላቸው።

እህቶችና ወንድሞች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እነዚህ ቁረይሾች እነማን ናቸው? በአቡ ጧሊብ ሸለቆ የነቢዩን ቤተሰብ ለዓመታት ከብበው፣ አትሽጡላቸው አትግዟቸው ብለው ተፈራርመው፣ የሕፃናት ለቅሶ ከሸለቆው ውጭ እስኪሰማ ያስራቡ ሰዎች ናቸው። መካ ገና አልተከፈተችም፤ ጦርነቱም ገና አልበረደም። ስንዴው የየማማ ሰዎች የራሳቸው ምርት ነው። ሱማማ የወሰዱት እርምጃ ከሃይማኖታዊ ቅናት የመነጨ እንጂ ዋጋ ለማስወደድ አልነበረም። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር ሕጋዊ የኤክስፖርት ማዕቀብ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ያለው ክልከላ ማግኘት ይከብዳል፤ ሆኖም ተነሣ። በጠላት ሕፃናት ላይ ያልተፈቀደ በር መዝጋት፣ ምንም ባላደረገ ጎረቤት ላይ በቀላሉ ይፈቀዳል ማለት ለእኛ አይታየንም።

የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል፤ መክፈትም ሥርዓት አለው። ሱረቱ ዩሱፍን ስንቀራ ብዙ ጊዜ ልባችን ከአባትና ልጅ ናፍቆት ጋር ስለሚሄድ የጎተራው አስተዳደር ያልፈናል። ዩሱፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህሉን በዛላው እንዲያስቀምጡ አደረጉ። ረሃቡ ሲመጣ ግብጽን ብቻ አልመገቡም፤ ከከነዓን የመጡ ባዕዳን ወንድሞቻቸው ከበሩ ሲደርሱ ሰፍረው ሸጡላቸው። ይሁን እንጂ ያለ ልክ አልሸጡም። ወንድሞቹ ቢንያምን ቢያመጡ አንድ የግመል ጭነት እንደሚጨመርላቸው መናገራቸው የሚያመለክተው ድርሻው በሰው ቁጥር የተመጠነ መሆኑን ነው። ይህን ነው ዛሬ ኮታ የምንለው። ስለዚህ ቬትናም በኤፕሪል ወር 400,000 ቶን መፈቀዱን ከማርች መጨረሻው ሙሉ እገዳ ለይተን ማየት አለብን። የራስን ሕዝብ ፍላጎት ቆጥሮ የተረፈውን መጥኖ መሸጥ ከዩሱፍ ሥራ ጋር ይቀራረባል፤ ሳይቆጥሩ በድንጋጤ መዝጋት ግን አይቀራረብም።

ሦስተኛው ምሳሌ ከወረርሽኝ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በዑመር (ረ.ዐ.) ኺላፋ፣ ሁለት መከራዎችን ይመዘግባሉ። በሻም የዐምዋስ ጧዑን (ወረርሽኝ) ብዙ ሰሓቦችን ጨረሰ፤ የሻሙ አዛዥ አቡ ዑበይዳም በእርሱ ሞቱ። በሒጃዝ ደግሞ ዝናብ ጠፍቶ፣ ነፋሱ አፈሩን እንደ አመድ እየነዛው፣ ዓሙ ረማዳ የተባለው ረሃብ ገባ። የወረርሽኙን ፊቅህ እናውቀዋለን፤ ጧዑን ያለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለውን መመሪያ ዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ነግረዋቸው ዑመር ከሻም መንገድ ተመልሰዋል። መመሪያው ግን የሰውን ጉዞ የሚመለከት ነው። የእህሉን ጉዞ በተመለከተ ዑመር ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። ወደ ግብጽም ወደ ሻምም ድረሱልን ብለው ጻፉ። አቡ ዑበይዳ እህል የተጫነ የግመል ቅፍለት ይዘው መጡ፤ ዐምር ቢን አልዓስ ከግብጽ ላኩ። ዑመር ራሳቸው ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤና ሥጋ ትተው ዘይት እየበሉ ፊታቸው ጠቆረ፤ የዘካ ሰብሳቢዎችንም በዚያ ዓመት አዘገዩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የላኪው አገር ድምፅም አለ። ዑመር ከፉስጧጥ እስከ ቁልዙም ቦይ ተቆፍሮ የግብጽ እህል በቀይ ባሕር ወደ ሒጃዝ እንዲመጣ ሲያዝዙ፣ ይህ የግብጽን ገቢ ይጎዳል የሚል ስጋት ከዚያ በኩል መጻፉን ጦበሪ ዘግበዋል። ስጋቱ ሞኝነት አይደለም፤ ዛሬም የንግድ ሚኒስትሮች የሚሉት ይህንኑ ነው። ዑመር ሥራው እንዲፈጠን አዘዙ፤ ቦይውም ተቆፈረ። አንድ ነገር ግን መካድ የለብንም። ግብጽና መዲና በአንድ ኸሊፋ ሥር ስለነበሩ ምሳሌው ከአንድ አገር ክልል ወደ ሌላ ክልል እህል እንደማዛወር ነው። ሁለት መንግሥታት ላሉበት ጉዳይ የሚቀርበው የሱማማ ፍርድ ነው፤ እርሱን ያስቀደምነውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ አገር ለራሱ ሕዝብ አይቅደም ልንል ነው? አይደለም። በምትቀልባቸው ጀምር የሚለውን ነቢያዊ መመሪያ እናውቃለን፤ የገዛ ዜጋው እየተራበ እህል የሚሸጥ መሪ ዐማና በላ ነው። የዓለም ንግድ ሕግም ከባድ የምግብ እጥረት ላጋጠመው አገር ጊዜያዊ ክልከላን ይፈቅዳል። በ2020 ግን እንዲህ ዓይነት እጥረት የነበረባቸው ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ የዘጉት የተረፋቸውን ነው። የእኛ አቋም እንዲህ ነው፦ መቅደም መብት ነው፤ ጠግቦ በር መዝጋት ግን የጎረቤትን ረሃብ በራስ ፍርሃት መግዛት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤቱ ተርቦ እርሱ ጠግቦ ስለሚያድር ሰው የተናገሩት ለአንድ ቤት ብቻ ነው ማለት አንችልም።

ነገሩን በእህል ብቻ ካየነው ግን ግማሹን ነው የምናየው። በተባበሩት መንግሥታት ግምት በ2020 ከ720 እስከ 811 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ተርበዋል። ክልከላዎቹ በጁን ከተነሡ ይህ ሁሉ ሰው ለምን ተራበ? እህል አልነበረም ብለን አንመልስም፤ መግዣው ነው የጠፋው። የዩሱፍ ወንድሞች ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ የያዙት መለወጫ ርካሽና የማይረባ እንደነበር ቁርኣን ይነግረናል፤ ስፍሩን ግን እንዲሞላላቸው ለመኑ። ይህን እኛ ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ የወሎን የ1965ና 66 ረሃብ ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል እንደነበር አሳይቷል። የእህል ዋጋ ያልናረው ገዢ ስላልነበረ ነው። ገበሬውና እረኛው የሚሸጡት አልነበራቸውም። ከመካከላችን የዚያን ዘመን ወሬ ከአያቶቹ የሰማ ብዙ ነው።

የ2020ው ወረርሽኝም ይህንኑ በሌላ መልኩ ደገመው። የዚያ ዓመት ሐጅ በሳዑዲ ውስጥ ለነበሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲፈቀድ እኛ ያዘንነው ለዒባዳው ነው። ከበርበራ ወደብ ጀርባ፣ በሶማሌ ክልላችንም ጭምር፣ በግና ፍየሉን ለሐጅ ወቅት እያደለበ ለሚጠብቀው አርብቶ አደር ግን ያ ውሳኔ የዓመት ሩዝና ዱቄቱ ነበር። ውሳኔው ለጤና አስፈላጊ ነበር፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን በር ሲዘጋ የሚራበው ከሻጩም ከገዢውም ወገን መኖሩን ያሳያል። በዚያው ዓመት ደግሞ የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ወርሯል።

አገራችንስ ከየትኛው ወገን ናት? ከሁለቱም። ስንዴ ከውጭ ስንገዛ ኖረናል፣ ያም ስንዴ የሚገባው በጎረቤት ወደብ ነው። በወረርሽኙ ወራት የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ይመረመሩ ነበር፤ መኪናቸው ግን አልቆመም። ሰውን መርምሮ ጭነቱን ማሳለፍ፣ ሳይታወቃቸውም ቢሆን፣ የዐምዋስ ዓመት ፊቅህ ነው። ጅቡቲ በድንጋጤ ዘግታ ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር? በሌላ በኩል ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለረጅም ዓመታት ከልክለናል፤ እንጀራው በአውሮፕላን ሲሄድ ዝም እንላለን። ጤፍ የምንበላው ዋና ምግባችን ስለሆነ፣ ያለ እርሱ የሚራብ ጎረቤት አገርም ስለሌለ፣ የጤፉ ክልከላ ከላይ ባየነው ሚዛን የተሻለ ምክንያት አለው ብለን እናምናለን። ሚዛኑን ግን በሌሎች ላይ ስናነሣ በእኛም ላይ መነሣቱን መለማመድ አለብን።

ከዚህ በታች ወርደን ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በጀመዓችን ውስጥ የነጋዴ ልጆች ብዙ ነን፤ የትምህርት ወጪያችን፣ የላክልን ስንቅ ከእህል በረንዳና ከዘይት መጋዘን የመጣ ነው። ሩሲያን መውቀስ ቀላል ነው። ክረምት ላይ ቤት ስንገባ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዘይት ለምን እስከ ጳጉሜን እንደሚቆይ አባትን በአደብ መጠየቅ ግን ከባድ ነው። አባቶቻችን ብዙዎቹ አላህን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ነገሩን በዚህ ስም አይጠሩትም፣ «ገበያው ነው» ይላሉ። ልጅ ለአባቱ የሚናገርበት ቃና ይታወቃል፤ ቢቻል ለብቻ፣ ከሰላት በኋላ፣ በጥያቄ መልክ። የመዕመርንና የሰዒድ ቢን አልሙሰየብን ታሪክ ማንሣት ጥሩ መግቢያ ይሆናል፤ ሁሉንም ማከማቸት እንዳላወገዝን ያሳያልና።

በግቢያችንም አንድ ጉዳይ አለ። በየዓመቱ ለረመዳን ኢፍጣር ቴምር፣ ምስርና ዘይት እንገዛለን። ይህ የራስን ቀለብ ማዘጋጀት ስለሆነ ኢሕቲካር አይደለም። ሆኖም በሻዕባን የመጨረሻ ሳምንት በግቢው አጠገብ ካለችው ትንሽ ገበያ በአንድ ጊዜ ብዙ ኩንታል ካነሣን፣ በዚያ ገበያ በኪሎና በግማሽ ኪሎ የሚገዙት የሰፈሩ ሰዎች በእኛ ምክንያት ይወደድባቸዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጿሚዎች ናቸው። ግዢው በረጀብ ቢጀመር፣ የሚበዛውም ከትልቁ ከተማ ጅምላ ሻጭ ቢመጣ ገንዘቡም ይቀንሳል፣ ሰፈሩም አይጎዳም። የኢፍጣር ኮሚቴ አባላት በሚቀጥለው ሐለቃ የሚያስፈልገውን መጠን በተማሪ ቁጥር አስልተው ይዘው እንዲመጡ እንጠይቃለን።

ወላሁ አዕለም።